ነጋዴው የማይነግራችሁ የደጋ አበባ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው የሙያ ጓደኞቼ አይወዱልኝም። እኔ ችግኝ ከሚያፈሉት ወገን ነኝ፤ አፈር ነፍቼ፣ ላስቲክ ሞልቼ፣ ዘር ለቅሜ ነው የምኖረው። በእኛ ሰፈር ሁሉም የሚያውቀው፣ ለደንበኛ ግን የማይነገር ነገር አለ። ለጀማሪ አትክልተኛ ከሁሉ የሚቀለው ተክል ችግኝ መሸጫ ውስጥ አይገኝም። የማይገኘውም ቀላል ስለሆነ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ነው። ጦስኝን ውሰዱ፤ ቅርንጫፉን መሬት አስነክታችሁ ድንጋይ ብትጭኑበት ሥር ይሰዳል። እንዳሁላ ግንዱ ተሰብሮ በወደቀበት ይበቅላል። እሬት በዙሪያው ልጆች ያፈላል። እንዲህ ያለውን ተክል አንዴ የገዛ ሰው ዳግመኛ አይመጣም፤ ይባስ ብሎ ለጎረቤቱም ቆርጦ ይሰጣል። ጠዋት ማታ ውሃ የሚለምነው፣ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመታው የሚጠቁረው የከተማ አበባ ግን ደንበኛውን በየዓመቱ ይመልሰዋል። ከሁለቱ የትኛውን ፊት ለፊት እንደምንደረድር እናንተው ገምቱ።

የመንግሥት ችግኝ ጣቢያም አይፈረድበትም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሥራው በአብዛኛው ዛፍ ማፍላት ነው፤ ጽዱ፣ ግራሩ፣ ወይራው ቦታውን ይዞታል። ትንሿ የተራራ አበባ ነጋዴው አያተርፍባትም፣ ጣቢያውም አይቆጥራትም፤ በሁለቱ መካከል ባለቤት አጥታ ቀረች። ለእናንተ ግን ይህ መልካም ዜና ነው፤ ገንዘብ አያስወጣችሁም።

ድንጋይ ሀብት ሲሆን

ይህን ወሬ በተለይ ዋግ ላለው ለጋዝጊብላና ለሰቆጣ ሰው ማድረስ የፈለግሁት፣ ሌላው ዓለም በገንዘቡ የሚሸምተው ነገር ሁሉ በደጃችሁ ፈሶ ስለማይ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር አያንስም። ዋግ ከተከዜ ቆላ ተነሥቶ እስከ ቢያላ ተራራ ውርጭ ድረስ ሁሉንም አየር ይዟል። የደጋው ቀበሌ ሰው ድንጋይ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ብርዳም ሌሊት፣ ተዳፋት መሬት አለው። ብዙ ጊዜ እነዚህን አራቱን ስትረግሙ እሰማለሁ። የተራራ ተክል የሚለምነው እነዚህኑ አራቱን ነው።

እንግሊዞች የተራራ ተክል ለማብቀል ተራራውን ራሱን ይሠራሉ። ለንደን የሚገኘው የኪው የዕጽዋት ማዕከል የድንጋይ አትክልት ቦታውን ያሠራው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በ1929 የተራራ ተክል ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ። ኪው በ2006 ደግሞ ለእነዚህ ተክሎች ብቻ የመስታወት ቤት ከፈተ። አየሩ በመሬት ውስጥ በተሠራ መተላለፊያ ዞሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ተክሎቹ ይነፍሳል። ሐሳቡን ከምን እንዳገኙት ታውቃላችሁ? ከምስጥ ኩይሳ! እኛ በመጥረቢያ ጀርባ ከምናፈርሰው ኩይሳ።

እነሱ ጀማሪ ሲመጣባቸው መጀመሪያ ከሚያስይዙት ተክል አንዱ አራቢስ የሚባል ነጭ አበባ ነው። የዚያው ወገን የሆነው አራቢስ አልፒና በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ አለ፤ በስሜንና በባሌ ተራሮችም በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የዘረመል ጥናት የተክሉ መነሻ የዛሬዋ ቱርክ ያለችበት ትንሿ እስያ እንደሆነች፣ ከዚያም ወደ አውሮፓም ወደ ምሥራቅ አፍሪካም እንደተሠራጨ አሳይቷል። ስለዚህ የተራራ አበባ መትከል የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ዘመዶቹ እኛ ተራራ ላይ ናቸው በሉት።

የሚገድለው ምንድን ነው?

ዋናው ምስጢር ይኸውላችሁ፤ የደጋን ተክል ብርድ አይገድለውም። የሚገድለው ደግነት ነው፤ ፍግና ውሃ።

ከፍተኛ ቦታ ላይ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። እዚያ የለመደ ተክል ቅጠሉን አሳንሶ ወይም አወፍሮ፣ ቁመቱን አሳጥሮ፣ ጉልበቱን ሥሩ ላይ አኑሮ ይኖራል። ፍግ የበዛበት ጥቁር አፈር ስትሰጡት ደስ ብሎት ይረዝማል፤ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ውሃ ይቋጥራል። ያ ለስላሳ ቅጠል ነው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚቃጠለው። ሰውም «ብርድ ገደለው» ይላል። ገዳዩ ግን በሐምሌ የተበተነው ፍግ ነው።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ዋልካ መሬት ላይ የተተከለ ጦስኝ በነሐሴ አንገቱ ይበሰብሳል፤ አንገት የምንለው ግንዱ ከአፈሩ የሚወጣበትን ቦታ ነው። እኛ ችግኝ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ይህንን ነው። አንገቱ ከጠቆረ ላዩ ቢያብብም አንወስደውም፤ ለደንበኛ ግን አበባውን እናሳያለን።

መፍትሔው የጉልበት እንጂ የገንዘብ አይደለም። ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። በማግሥቱ ውሃው እዚያው ካለ ቦታው ለእነዚህ ተክሎች አይሆንም፤ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ። አፈሩ አንድ እጅ ተራ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ጠጠር ይሁን። ፍግ ከጨመራችሁም በደንብ የበሰበሰ፣ የተነፋ፣ ከእፍኝ የማይበልጥ ይሁን። ተክላችሁ ስትጨርሱ በአንገቱ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ጠጠር አልብሱት። ጠጠሩ በክረምት አንገቱን ያደርቅለታል፣ በበጋ ደግሞ ከሥር ያለው እርጥበት እንዳይተን ይከላከላል። ችግኝ ቤት ውስጥ ጠጠር የማናደርገው ላስቲኩ ስለሚከብድብን ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ካብ ነው። የዋግ ገበሬ እርከን ሲሠራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መካብ የለመደ ነው፤ አስተማሪ አያሻውም። በግቢያችሁ ተዳፋት ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካብ ካቡ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያንን ድብልቅ አፈር እየጠቀጠቃችሁ ውጡ። ችግኙን እየካባችሁ ትከሉት እንጂ ካቡ ካለቀ በኋላ በስንጥቁ አትወትፉት፤ ሥሩ ይታጠፋል። ቦታውን ስትመርጡ የግቢውን ዝቅተኛ ጥግ ተዉት። በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ የሚጠራቀመውም እዚያ ጥግ ላይ ነው። ከተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለ ተክል ከውርጭ ሲተርፍ፣ ከግርጌው ያለው ወንድሙ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ከእኛ ስትገዙ

መግዛታችሁ ካልቀረ እኛ የምንደብቀውን እወቁ። ትልቁን ችግኝ አትምረጡ። ትልቁ ብዙ ጊዜ ሳይሸጥ የቆየ ነው፤ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠማዞ ቋጠሮ ሆኗል፤ አውጥታችሁ ስትተክሉትም ዙሪያውን መዞሩን አይተውም። ላስቲኩን ገልብጡና ከታች እዩ፤ ወፍራም ሥር ቀዳዳውን ወጥቶ ከተንጠለጠለ መልሱት። ስትተክሉ ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቅደዱና አውጡት፤ «ራሱ ይበሰብሳል» የሚላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሻጩ አይወደውም። «ይህ ችግኝ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የት ነበር?» በሉት። ዳስ ሥር ጥላ ላይ የቆየ ችግኝ ያምራል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ቀለሙ ደማቅ ነው። ወስዳችሁ የጋዝጊብላ ፀሐይ ላይ ስታቆሙት ግን በሦስተኛው ቀን ይነጣል። ሻጩ ካላለማመደው እናንተ አለማምዱት፤ መጀመሪያ ጠዋት ብቻ፣ ቀጥሎ እስከ እኩለ ቀን፣ በመጨረሻ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውሉት።

ለጀማሪ የሚሆኑት

ጦስኝ ይቅደም። አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ጦስኝ አለ። አንደኛው ስሙ የተሰየመው ሺምፐር ለሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ ዕድሜውን ኢትዮጵያ ውስጥ ዕጽዋት ሲሰበስብ አሳልፎ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ሁለተኛው በሰሜኑ ደጋ ይበዛል። ሁለቱም ለሻይም ለወጥም ይሆናሉ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ከዱር የተነቀለ ደረቅ ጦስኝ ነው፤ ለተከላ አይሆንም። ከምታውቁት ሰው ጓሮ ወይም ከመንገድ ዳር፣ አበባ ያላወጣ ለስላሳ ጫፍ ጣት ያህል ቁረጡ፤ የታችኛውን ቅጠል አራግፉና ግማሹን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ስኩት፤ ጥላ ሥር አቆዩት። ከወር ገደማ በኋላ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እንቢ ካለ ሥር ይዟል። የእንጨቱን ክፍል ቆርጣችሁ ጊዜ አታባክኑ።

እንዳሁላ ሁለተኛው ነው። ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ስንዝር ያህል ግንድ ቆርጣችሁ ቁስሉ እስኪደርቅ ሦስት አራት ቀን ጥላ ላይ ጣሉት፤ ከዚያ ትከሉት። በዚያው ቀን የተከለ ሰው ያበሰብሰዋል፤ ይህችን አራት ቀን መጠበቅ ነው ጀማሪን ከባለሙያ የሚለየው። ጠንከር ያለ ውርጭ ቅጠሉን ስለሚጎዳው ከቤት ግድግዳ አጠገብ ይሁን። ከብትም እንዳይግጠው፤ የእንዳሁላ ወገኖች ለከብት ልብ መርዝ አላቸው። በእንዳሁላ ሳይንሳዊ ስም ላይ የሚጠራው አንትዋን ፔቲ የሚባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ዓባይን ሲሻገር አዞ ወስዶታል፤ የእጽዋት ፍቅር ለእሱ እንዲህ አስከፍሎታል፤ ለእናንተ የሚያስከፍለው አራት ቀን ትዕግሥት ብቻ ነው።

እሬትን ሁሉም ያውቃል፤ እንዴት እንደሚተከል ግን ብዙ ሰው ያበላሻል። ከእናቱ ሥር የበቀለውን ልጅ ከነሥሩ ገንጥላችሁ፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ ወደ አንድ ጎን ጋደል አድርጋችሁ ትከሉት፤ ዝናብ በልቡ ውስጥ አይቆምም። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ያብባል፤ ንቡም ወፉም ወደ እሱ ይመጣል።

አበልቢላ፣ አንዳንድ ቦታ አሸንዳ የሚባለው፣ ረጅም ቅጠልና ቀጥ ያለ ቀይና ቢጫ የአበባ ዘንግ ያለው ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው፤ በግጦሽ በተራቆተ መስክ ላይ ብቻውን ቆሞ የምታዩት ከብት ስለማይወደው ነው። ከብት የማይወደው ተክል ለጀማሪ በረከት ነው። ሥሩን በአካፋ ለሁለት ከፍላችሁ ዝናቡ ሲጸና ትከሉት፤ በቃ። ዘመዶቹ አውሮፓ ውስጥ የታወቁ የጓሮ አበባ ናቸው፤ እኛ ደግሞ እንደ አረም እናየዋለን።

በዘር መጀመር የሚፈልግ ሰው አደይ አበባንና ማገጥን ይያዝ። አደይ መስከረም ላይ ሲያብብ ምልክት አድርጉበት፤ በጥቅምትና በኅዳር ጥቁር መርፌ የመሰለ ዘሩ ሲደርቅ ልቀሙት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ እስከ ሰኔ አቆዩት፤ ከዚያ ያልተቆፈረ መሬት ላይ በትኑት። አጥልቆ የቀበረው አያገኘውም። የማገጥ ዘር ቆዳው ጠንካራ ነው፤ በእጃችሁ መካከል ከሻካራ አሸዋ ጋር እሹት፤ ውሃ የሚገባው ያኔ ነው። ማገጥ በሥሩ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል፤ መሬቱን እየሸፈነ ያበለጽጋል።

ጥላና እርጥበት ያለው ጥግ ካላችሁ ብቻ እንሶስላን ጨምሩ። ሥሩ ሴቶች እጅና እግር የሚያቀሉበት፣ ነጭ አበባው ማታ ማታ የሚሸት ተክል ነው። በበጋ ላዩ ሁሉ ይደርቃል፤ የሞተ መስሏችሁ አትንቀሉት፤ ሥሩ ተኝቷል። የዕቃ እጣቢ ውሃ የሚደፋበት ጥግ ይስማማዋል።

የሻደይ በዓል ነሐሴ 16 ሲገባ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ረጅም ሣርም አትርሱ። አንድ ጭብጥ ከነሥሩ አምጥታችሁ በካቡ ግርጌ ከተከላችሁት በሦስተኛው ዓመት ለመንደሩ ልጆች ይበቃል።

የማትነኩት

ጅብራን ስታዩ እጃችሁን ይበላችኋል፤ አውቃለሁ። አትንኩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነው፤ ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከተራራ ነቅሎ ያወረደው ሰው አበባውን አያይም፤ ተራራው ላይ ደግሞ ዘር ጠፋ ማለት ነው። ስሜንን በመሰለ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነማ ሕግም ይጠይቃችኋል። አስታም እንዲሁ ነው፤ ነቅላችሁ ብታመጡት ሥሩ ከለመደው አፈር ጋር ስለሚለያይ ብዙውን ጊዜ ይደርቃል። እንዲህ ያሉትን ዕጽዋት ማየት የፈለገ፣ አዲስ አበባ ሲሄድ 705 ሄክታር ላይ ያረፈውን የጉለሌ የዕጽዋት ማዕከል ይጎብኝ።

«ድርቅ ባለበት አገር አበባ?»

ይህ ጥያቄ ይመጣል፤ ይምጣም። ዋግ ዝናቡ በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ የሚወርድበት፣ አንዳንድ ዓመትም የሚቀርበት አገር ነው። ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ በከንቱ አይደለም። ጓሮ ያለው ሰው መጀመሪያ ጎመንና ካሮት ይትከል፤ ማንም አይከራከርም።

እኔ የማወራው ግን ጎመን ስለማይበቅልበት ቦታ ነው። የካቡ ስንጥቅ፣ የተዳፋቱ ዳር፣ ጠጠራማው ጥግ ለማንም አይሆንም፤ ለእነዚህ ተክሎች ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ሥር እስኪይዙ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጠጥተው፣ ከዚያ በኋላ ከጀሪካኑ አይሻሙም። በዚያ ላይ የሰቆጣ ማር ስሙ የጠራው በአበባው ነው፤ ቀፎ ያለው ሰው ጦስኝና ማገጥ ከደጁ ቢያበቅል ለንቡ መንገድ ያሳጥርለታል።

ዋናው ጠላታችሁ ድርቁ ሳይሆን ፍየሏ ናት። የአበርገሌ ፍየል ካብ ላይ መውጣት አይከብዳትም። እሬትና አበልቢላን ከውጭ በኩል ደርድሩ፤ ጦስኙንና አደዩን ከውስጥ አድርጉ፤ የካቡን ጫፍ በእሾህ ዝጉት። ችግኝ ጣቢያዎች አጥራቸው ሲፈርስ ዝም የሚሉት ሪፖርት ላይ ስለማይጻፍ ነው እንጂ፣ ከበሽታ ሁሉ በላይ ችግኝ የሚበላው ፍየል እንደሆነ እናውቃለን።

ዓመቱን እንዲህ ከፋፍሉት። በግንቦት ካቡን ካቡ። ሰኔ ላይ አፈሩን ደባልቁ፣ ዘሩን በትኑ። ዝናቡ እንደጸና፣ ሐምሌ ሳይጋመስ፣ የተቆረጠውንና የተከፈለውን ሁሉ ትከሉ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የተከለ ሰው ዝናቡ ሳያበቃ ሥር አያስይዝም። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ዘር ልቀሙ። በታኅሣሥና በጥር አትግረዙ፤ የደረቀው ቅጠል የልቡ ብርድ ልብስ ነው። የሞተውንና የተኛውን ለመለየት እስከ ሐምሌ ታገሡ።

በሁለተኛው ክረምት ከአንድ ጦስኝ አሥር፣ ከአንድ እሬት አምስት ይኖራችኋል፤ ለጎረቤትም ለቤተ ክርስቲያን ግቢም ይተርፋል። ያኔ እኛ ዘንድ የምትመጡት ባዶ ላስቲክ ለመጠየቅ ብቻ ነው። እሱን እንኳ በነጻ አንሰጥም።